እሌኒ የሚለው የሴት ልጅ ስም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጃቸውን እሌኒ ለማለት የሚያስቡ ወላጆችና ስሙን የያዙ ሴቶች ደጋግመው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች መልሶቹ እነሆ፤ «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እሌኒ ማለት ምን ማለት ነው?

እሌኒ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ስም ሲሆን፣ በብዛት የሚሰጠው ትርጉም «ብርሃን» ወይም «ችቦ» የሚል ነው። ይህ ትርጓሜ የመነጨው ስሙ በጥንቱ ግሪክኛ ከሸምበቆ ታስሮ የሚለኮስ ችቦን ከሚያመለክተው «ሄላኔ» ከሚባለው ቃል ጋር ስለሚቀራረብ ነው። ሌሎች ደግሞ ጨረቃን ከሚያመለክተው «ሴሌኔ» ከሚለው ቃል ጋር ያያይዙታል።

የቋንቋ ሊቃውንት ግን የስሙን ሥር በተመለከተ እስካሁን አንድ ስምምነት ላይ አልደረሱም። በስፓርታ አካባቢ የተገኙ ጥንታዊ ጽሑፎች ስሙን በ«ወ» ድምፅ ጀምረው ስለሚጽፉት፣ ከጨረቃ ጋር ያለው ዝምድና አጠራጣሪ ሆኗል። ስለዚህ «ብርሃን» የሚለው ለረጅም ዘመን ሲነገር የኖረና ተቀባይነት ያለው ትርጓሜ እንጂ የማያከራክር ፍቺ አይደለም። ወላጆች ይህን ትርጓሜ ቢመርጡ ከተለመደው አልወጡም።

ስሙ የአማርኛ ነው ወይስ የግእዝ?

ከሁለቱም የበቀለ አይደለም፤ ይሁን እንጂ በግእዝ መጻሕፍት በኩል ገብቶ በአገሩ ሰው አንደበት ለመቶዎች ዓመታት የኖረ ስም ነው። ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ ሶፍያ፣ ቴዎድሮስ የሚሉት ስሞችም መነሻቸው ከውጭ ቢሆንም ዛሬ ማንም ባዕድ አይላቸውም። እሌኒም የምትቆጠረው ከእነዚህ ተርታ ነው። ድምፁ ከ«እልል» ወይም ከ«እልልታ» ጋር ስለሚቀራረብ ብቻ ከዚያ እንደወጣ አድርጎ መተርጎም ግን ልክ አይደለም፤ ሁለቱ ምንም ዝምድና የላቸውም።

እሌኒ እና ሄለን አንድ ስም ናቸው?

አዎን፣ ሥራቸው አንድ ነው፤ ወደ እኛ የደረሱበት መንገድና ዘመን ግን ይለያያል። በጥንታዊው ግሪክኛ ስሙ «ሄሌኔ» ይባል ነበር። በጊዜ ብዛት የግሪክ ተናጋሪዎች በስሙ መጀመሪያ ላይ ያለውን የ«ሀ» ድምፅ መጥራት ተዉ፤ በመጨረሻው ላይ ያለው አናባቢ ደግሞ ወደ «ኢ» ተለወጠ። በዚህም የተነሣ ስሙ «ኤሌኒ» ሆነ፤ ግሪኮች እስከ ዛሬም የሚጠሩት እንዲሁ ነው። የግእዝ መጻሕፍት «እሌኒ» የሚለውን የያዙት ከዚህ ከኋለኛው አነጋገር ነው፤ በመጨረሻው ላይ ያለው «ኒ» የዚያ ምልክት ነው። ዐረብኛው በአንጻሩ «ሂላና» ይላል።

ሄለን ግን በሌላ መንገድ የመጣ ነው። የሮማ ሰዎች ስሙን «ሄሌና» ብለው ወደ ላቲን ወሰዱት፤ ከላቲን ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች ተሰራጭቶ በእንግሊዝኛ «ሄለን»፣ በጣሊያንኛና በስፓኒሽ «ኤሌና»፣ በፈረንሳይኛ ደግሞ «ኤለን» ተባለ። ሄለን ወደ አማርኛ የገባው ዘመናዊ ትምህርትና የውጭ ቋንቋዎች በተስፋፉበት በቅርቡ ዘመን ነው። ስለዚህ አንዷን ልጅ እሌኒ፣ ሌላዋን ሄለን ያለ ወላጅ ሳያውቀው ሁለት ልጆቹን በአንድ ስም ጠርቷል ማለት ነው።

ስሙ የታወቀው በማን ነው?

በክርስቲያኑ ዓለም ስሙን ያስከበረችው የሮማው ንጉሠ ነገሥት የታላቁ ቆስጠንጢኖስ እናት ቅድስት እሌኒ ናት። ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር ውስጥ በነበረችው በቢታንያ አውራጃ፣ ድሬፓኑም በምትባል ከተማ ሳትወለድ እንዳልቀረች ይታመናል፤ ልጇም በኋላ ከተማይቱን በእናቱ ስም «ሄሌኖፖሊስ» ብሎ ሰይሟታል። በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረው የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ እንደጻፈው፣ በወጣትነቷ በእንግዳ ማረፊያ ቤት የምትሠራ ተራ ሴት ነበረች። የቆስጠንጢኖስ አባት ቆንስጣንዮስ ወደ ከፍተኛ ሥልጣን ሲወጣ እርሷን ትቶ ከገዢዎቹ ቤተሰብ የተወለደች ሴት አገባ።

ቆስጠንጢኖስ በ306 በሠራዊቱ ከነገሠ በኋላ ግን እናቱን ወደ ቤተ መንግሥት አመጣት፤ ቆይቶም «አውጉስታ» የሚለውን የንግሥትነት ማዕረግ ሰጣት፤ በገንዘብም ላይ ምስሏ ተቀረጸ። ከ326 እስከ 328 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በእርጅናዋ ዘመን፣ ወደ ቅድስት አገር ተጉዛ በቤተልሔምና በደብረ ዘይት ተራራ ላይ አብያተ ክርስቲያናት እንዲሠሩ አደረገች። ያረፈችው በ330 ገደማ ነው። ተገፍታ የነበረች ሴት በልጇ ዘመን ወደዚህ ክብር መድረሷ ስሙን ለብዙ እናቶች ተወዳጅ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

ስሙ ከመስቀል በዓል ጋር ምን ያገናኘዋል?

በኢትዮጵያ እሌኒ ሲባል መጀመሪያ ወደ ብዙ ሰው ሐሳብ የሚመጣው መስቀል ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚነገረው፣ የጌታ መስቀል በቀራንዮ አካባቢ በቆሻሻ ክምር ተቀብሮ ሳለ ንግሥት እሌኒ ልታስወጣው ወደ ኢየሩሳሌም ሄደች። ኪራኮስ የሚባል አረጋዊ ደመራ አስደምራ ዕጣን እንድታጤስ መከራት፤ የዕጣኑም ጢስ ወደ ላይ ወጥቶ ተመልሶ መስቀሉ ወዳለበት ስፍራ አመለከተ። በቁፋሮው ሦስት መስቀሎች ተገኙ፤ የክርስቶስ የሆነው በሕሙማን መፈወስና በሙት መነሣት ተለይቶ ታወቀ።

የመስከረም 16 የደመራ ሥርዓት የዚህ ታሪክ መታሰቢያ ነው፤ መስከረም 17 ቁፋሮው የተጀመረበት፣ መጋቢት 10 ደግሞ መስቀሉ የተገኘበት ዕለት ሆነው ይከበራሉ። በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ በሚካሄደው የደመራ በዓል ላይ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ታሪኩን በትርኢት ሲያሳዩ፣ ዘውድ ደፍታ በካባ የምትቀርበው ወጣት ንግሥት እሌኒን ወክላ ነው። የመስቀል በዓል በ2013 በዩኔስኮ የሰው ልጆች የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በመስቀል ሰሞን የተወለዱ ሴት ልጆች እሌኒ የሚባሉበት ምክንያትም ይኸው ነው። የስሙ የተለመደ ትርጉም «ችቦ» መሆኑና ደመራው የሚለኮሰው በችቦ መሆኑ አጋጣሚ ቢሆንም፣ ልብ ላለው ሰው ደስ የሚያሰኝ አጋጣሚ ነው።

ኢትዮጵያዊቷ ንግሥት እሌኒና መስቀሉን ያገኘችው እሌኒ አንድ ሰው ናቸው?

አይደሉም። ይህ ስሕተት እጅግ የተለመደ ነው፤ በሁለቱ መካከል ከ1100 ዓመታት በላይ አለ። ኢትዮጵያዊቷ እሌኒ በ15ኛው መቶ ዘመን የተነሣች፣ የሐድያው ገዢ የገራድ መሐመድ ልጅ ስትሆን፣ ከሙስሊም ቤተሰብ ተወልዳ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ንግሥት ሆነች። አንዳንድ ጽሑፎች የዐፄ በእደ ማርያም ሚስት ያደርጓታል፤ በዜና መዋዕሉ እንደተጻፈው ግን በእደ ማርያም እናቱን በወጣትነቱ ስላጣ እርሷን በእናት ቦታ ያከብራት ነበር። ጸሐፊው ሲያመሰግናት በእምነቷ ብቻ ሳይወሰን መጻሕፍትን በማወቅ፣ ሕግን በመረዳት፣ የመንግሥትን ጉዳይ በማስተዋል፣ የንጉሥን ማዕድ በማሰናዳትም ጭምር የተዋጣላት እንደነበረች ይናገራል።

ከአራት ነገሥታት ዘመን በላይ በቤተ መንግሥቱ ስትቆይ፣ ሥራዋ ጎልቶ የወጣው በ1508 ልብነ ድንግል ገና በልጅነቱ ሲነግሥ ነው፤ ያን ጊዜ እንደ ሞግዚት ሆና መንግሥቱን መራች። በቀይ ባሕር ያለው የኃይል ሚዛን እየተለወጠ መሆኑን ተረድታ በ1509 ገደማ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ወደ ማኑኤል ላከች። የሐሳቧ ፍሬ ነገር ፖርቱጋሎች መርከብ ስላላቸው፣ ኢትዮጵያም የምድር ጦርና ስንቅ ስላላት ኃይላቸውን ያስተባብሩ የሚል ነበር። ማቴዎስ ሊዝበን የደረሰው በ1514 ሲሆን፣ ከእጁ ከነበሩት ስጦታዎች አንዱ የጌታ መስቀል ክፋይ መሆኑ ተመዝግቧል። የመስቀሉን ፈላጊ ስም የያዘች ንግሥት ከዕንቁ ሁሉ መርጣ የመስቀል ክፋይ መላኳን እኔ እንደ ተራ ነገር አላልፈውም።

የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በአገሪቱ ሳሉ እሌኒ አረፈች። አብሯቸው የመጣው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደጻፈው፣ ሕዝቡ የሁሉም አባትና እናት እርሷ ነበረች፣ እርሷ ከሞተች ወዲህ ትልቁም ትንሹም ሞቷል እያለ ያለቅስላት ነበር። በጎጃም የምትገኘው መርጡለ ማርያም ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን በመሆኗ ትታወቃለች፤ ሕንፃው በግራኝ አሕመድ ጦርነት ዘመን ጠፍቶ በ17ኛው መቶ ዘመን ኢየሱሳውያን በሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን እጅ እንደገና ታንጿል።

ስሙ በኢትዮጵያ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚታወቀው?

ቢያንስ ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በቤተ መንግሥት ደረጃ ይታወቃል። ዘመኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የነገሠበት ስሙ «ቆስጠንጢኖስ» ነበር፤ በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ አገር መጣ የሚባለው ግማደ መስቀልም በግሸን ደብረ ከርቤ ያረፈው በእርሱ ዘመን እንደሆነ ይነገራል፤ በዓሉም መስከረም 21 ይከበራል። እንግዲህ በአንድ ቤተ መንግሥት ውስጥ ቆስጠንጢኖስ የሚባል ንጉሥ፣ እሌኒ የምትባል ንግሥትና የመስቀል ክፋይ ተገናኙ ማለት ነው። ከሐድያ የመጣችው ልዕልት ይህን ስም ያገኘችው ክርስትና ስትነሣ ይሆናል ብሎ መገመት ከዚህ የተነሣ ምክንያታዊ ነው። ስሙ የሮማን ንግሥት ታሪክ ወደ አገር ቤት ለማምጣት የታሰበበት ይመስላል።

ዛሬ ምን ያህል የተለመደ ስም ነው?

እሌኒ በኢትዮጵያና በኤርትራ ክርስቲያኖች ዘንድ በሁሉም ትውልድ የሚገኝ ስም ነው፤ አያት፣ እናትና የልጅ ልጅ ሊጠሩበት ይችላሉ። እንደ አልማዝና ጥሩወርቅ የአንድን ዘመን እናቶች ብቻ የሚያስታውስ አይደለም፤ ከዓመት ወደ ዓመት እንደሚለዋወጡት የከተማ ስሞችም አንድ ሰሞን ገንኖ የሚጠፋ አይደለም። ሄለን በአንጻሩ የከተማና የቅርብ ትውልድ ጠረን አለው፤ የትምህርት ቤት ስም ዝርዝር ያየ ሰው ይህን ልዩነት ያውቀዋል።

በአደባባይ ከሚታወቁት እሌኒዎች መካከል በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የመሠረቱት የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ይገኛሉ። በሄለን ደግሞ ኢትዮጵያዊቷ ድምፃዊት ሄለን በርሄና ኤርትራዊቷ ድምፃዊት ሄለን መለስ ይታወቃሉ።

በሌሎች አገሮችስ?

በግሪክ ኤሌኒ ከማሪያ ጋር በብዛት ከሚገኙት ሦስት የሴት ስሞች አንዷ ናት። በአሜሪካ የአገሪቱ የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት በሚያወጣው የስሞች ዝርዝር መሠረት በ1910 ለተወለዱ ሴት ልጆች ሄለን ከሜሪ ቀጥሎ 2ኛ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ቀርቷል። በሩሲያ «የሌና»፣ በአርመን «ሄጊኔ» እየተባለ ይጠራል። የኪየቭ ገዢ ኦልጋ በ10ኛው መቶ ዘመን ክርስትና ስትነሣ የተሰየመችው በዚሁ ስም ነው፤ ይህም የእኛን ንግሥት ታሪክ ያስታውሳል። ናፖሊዮን በግዞት የሞተባት በአትላንቲክ ውቅያኖስ ያለች ደሴት ቅድስት ሄለና የተባለችውም በዚህችው ቅድስት ነው።

በቁልምጫ ምን ይባላል?

እሌ፣ እሉ፣ እሉዬ፣ እሌኒዬ፣ ሌኒ ይባላል። አያቶች «እሉዬ» ሲሉ፣ የዕድሜ እኩዮች ብዙውን ጊዜ «እሌ» ይላሉ።

ትክክለኛው አጻጻፍ የትኛው ነው፤ እሌኒ፣ ዕሌኒ፣ ኤሌኒ ወይስ ኢሌኒ?

በግእዝና በአማርኛ መጻሕፍት የጸናው አጻጻፍ በአልፋው «እ» የሚጀምረው እሌኒ ነው። በዐይኑ «ዕ» መጻፍ መሠረት የለውም፤ የግሪኩ ስም እንደዚያ ያለ የጉሮሮ ድምፅ የለውምና። ኤሌኒ የሚለው ለዛሬው ግሪክኛ አነጋገር የቀረበ ስለሆነ ስሕተት ነው ባይባልም፣ በአገራችን የተለመደው ግን አይደለም። ኢሌኒ ከአነጋገር መፍጠን የመጣ ይመስላል፤ መጻፉ አይመከርም። ሄለን የሚለው ስም በ«ሔ» ተጽፎ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ በተለመደው «ሄ» መጻፍ ይበቃል።

ነገሩ ቀላል ቢመስልም የማኅበረሰቡን ኑሮ ይነካል። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ዓ.ም. ልደት በተወለዱ በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ በዚያ ሰነድ ላይ የሰፈረው ፊደል ወደ ትምህርት ቤት ማስረጃ፣ ወደ መታወቂያና ወደ ፓስፖርት ይሻገራል። ስለዚህ ወላጆች ፊደሉን አስቀድመው ተስማምተው መዝጋቢው ሲጽፍ ቆመው ቢያዩ መልካም ነው።

በላቲን ፊደል እንዴት ይጻፋል?

በብዛት የሚሠራበት ኢ፣ ኤል፣ ኢ፣ ኤን፣ አይ በሚሉት አምስት ፊደላት መጻፍ ነው፤ ግሪኮችም በውጭ አገር ሰነዶቻቸው ስሙን የሚጽፉት በዚሁ መንገድ ነው። ይህም በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ምቹ ነው፤ ጎረቤትም መምህርም በቀላሉ ያነቡታል። በመጀመሪያ ላይ ኤች መጨመር ስሙን ወደ ሄለን ስለሚወስደው፣ እሌኒ ተብላ ለምትጠራ ልጅ አይስማማም። ዋናው ነገር የልደት ማስረጃውና ፓስፖርቱ ላይ ያለው አጻጻፍ አንድ መሆኑ ነው፤ በአንድ ፊደል ልዩነት የተነሣ የቪዛና የቤተሰብ ማገናኘት ጉዳይ የሚጓተትባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

እሌኒ የክርስትና ስም መሆን ይችላል? መታሰቢያዋስ መቼ ነው?

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ከመጠሪያ ስሟ ሌላ የክርስትና ስም ይሰጣታል፤ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ሚካኤል፣ አመተ ሥላሴ የመሳሰሉት በብዛት የሚወጡት ከዕለቱ ወይም ከቤተሰቡ ጠባቂ ቅዱስ ጋር ተያይዘው ነው። ስለዚህ እሌኒ የተባለች ልጅ ስሟ የቅድስት ስም ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ ሌላ የክርስትና ስም ይኖራታል። የትኛው እንደሚሰጥ የሚወስኑት የሚያጠምቁት ካህን ስለሆኑ፣ በጉዳዩ ላይ የንስሐ አባትን መጠየቅ ይቀድማል።

በስንክሳር የንግሥት እሌኒ ዕረፍት የሚታሰበው ግንቦት 9 ነው። ግሪኮች ከልጇ ከቆስጠንጢኖስ ጋር ሜይ 21፣ ካቶሊኮች ደግሞ ኦገስት 18 ያስቧታል። በግሪክ የስም ቀን ከልደት ቀን ባልተናነሰ ስለሚከበር በሜይ 21 ኤሌኒ የምትባል ሁሉ «ብዙ ዓመት» ትባላለች፤ እኛ ዘንድ ይህ ልማድ ባይኖርም ስሟን የያዘች ልጅ ግንቦት 9ን ብታውቀው የሚገባ ነው።

ስሙ የኦርቶዶክሶች ብቻ ነው?

አይደለም። እሌኒ መስቀልን በማክበር የተነሣ ከኦርቶዶክሱ ሕዝብ ጋር ይበልጥ ቢተሳሰርም፣ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶችም ይሰይሙበታል። በሙስሊም ቤተሰብ ውስጥ ግን እምብዛም አይሰማም። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ታሪክ ስሙን ከሁሉ ይልቅ ያስከበረችው ሴት ከሙስሊም ገዢ ቤት የወጣች መሆኗ መዘንጋት የለበትም፤ ሐድያዎችም የእነርሱ ልጅ እንደነበረች በክብር ያነሷታል።

«ግሪካዊት» ማለት ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው?

እውነት አይደለም። ግሪኮች ራሳቸውን የሚጠሩበት «ሄለን» የሚመስለው ቃል በግሪክኛ ሲጻፍ «ለ»ው ድርብ ነው፤ አናባቢዎቹም ይለያሉ። የሴቷ ስም «ለ» ነጠላ ነው። በአማርኛ ፊደል መጥበቅና መላላት ስለማይታይ ሁለቱ አንድ መስለው ይታያሉ፤ ስሕተቱ የሚፈጠረውም ከዚህ ነው። «ሄለናዊ ሥልጣኔ» ሲባል የሚጠቀሰው ያ ሌላው ቃል ነው።

ስሙ የትሮይ ጦርነት ምክንያት የሆነችው ሴት ስም አይደለም? ይህስ ለልጄ ነውር አይሆንም?

የትሮይዋ ሄለን በግሪኩ ባለቅኔ በሆሜር የተነገረላት፣ በቁንጅናዋ የተነሣ ግሪኮችና የትሮይ ሰዎች አሥር ዓመት ተዋጉባት የምትባል የአፈ ታሪክ ሴት ናት። ስሙ በእርግጥ አንድ ነው፤ የቆስጠንጢኖስ እናት በተወለደች ጊዜም ስሙ በግሪክ ተናጋሪዎች ዘንድ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ የሚሠራበት ነበር። ነገር ግን ወደ ግእዝ መጻሕፍት የገባው፣ ከዚያም ወደ ሕዝቡ የወረደው በቅድስቲቱ በኩል እንጂ በአፈ ታሪኩ በኩል አይደለም። በእኛ አገር አንዲት እናት ልጇን እሌኒ ስትል ትሮይን አስባ አይደለም፤ ስለዚህ በዚህ ምክንያት ስሙን መሸሽ አያስፈልግም።

እሌኒ ልበላት ወይስ ሄለን?

ምርጫው የወላጅ ነው፤ ሁለቱም መልካም ስሞች ናቸው። አስተያየት ለሚጠይቁኝ ግን እሌኒን አስቀድማለሁ። ምክንያቴም ሄለን የተባለች ልጅ ስሟን ከቤተ ክርስቲያኑ ምንባብ፣ ከደመራው መዝሙርና ከንግሥቲቱ ታሪክ ጋር ለማገናኘት አስረጂ የሚያስፈልጋት መሆኑ ነው፤ እሌኒ ግን መስከረም 16 ከአደባባዩ ስሟን በራሷ ጆሮ ትሰማዋለች። ውጭ አገር የሚኖሩ ወላጆች «ለውጭ ሰው አይከብድም ወይ» ብለው ሄለንን ሲመርጡ አያለሁ፤ እሌኒ ሦስት ክፍለ ቃል ብቻ ያላት፣ ለማንም አፍ የማትከብድ ስም ስለሆነች ይህ ሥጋት የሚያስጨንቅ አይደለም። አስቀድሞ ሄለን የተባለችን ልጅ ግን ሰነዷን ለማስለወጥ መድከም አይገባም፤ በቤት ውስጥ እሌኒ ብሎ መጥራት ይበቃል።

ታሪክ ጸሐፊዎች መስቀሉን ያገኘችው እሌኒ መሆኗን ይቀበላሉ?

ይህ በጥንቃቄ መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው። ስለ እሌኒ ጉዞ ከሁሉ ቀድሞ የጻፈው የቂሳርያው ጳጳስ አውሳብዮስ ሲሆን፣ ዘመነኛዋ ስለነበረ ምስክርነቱ ከባድ ነው። እርሱም ወደ ቅድስት አገር መሄዷን፣ ለድሆች መመጽወቷንና አብያተ ክርስቲያናት ማሠራቷን ይተርካል፤ መስቀሉን አገኘች ግን አይልም። ስሟን ከመስቀሉ መገኘት ጋር አያይዘው የሚናገሩ ጽሑፎች የሚታዩት በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው፤ ከእነርሱም አንዱ አምብሮስዮስ በ395 ያደረገው ንግግር ነው። ከዚያ በኋላ ሩፊኖስ፣ ሶቅራጥስና ቴዎዶሪጦስ የተባሉት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊዎች ነገሩን አስፋፍተው ጽፈውታል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ተመራማሪዎች ታሪኩ ከእርሷ ዕረፍት በኋላ የተቀናበረ ነው ይላሉ።

በሌላ በኩል የኢየሩሳሌሙ ቄርሎስ እሌኒ ካረፈች ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ለንዑሰ ክርስቲያን፣ ማለትም ለመጠመቅ ለሚዘጋጁ ሰዎች፣ ባስተማረው ትምህርት፣ የመስቀሉ ዕንጨት በኢየሩሳሌም እንዳለና ክፋዩ ወደ ዓለም ሁሉ እንደተሠራጨ ይናገራል። ስለዚህ መስቀሉ ተገኝቷል የሚለው እምነት በዚያች ከተማ ውስጥ ከእርሷ ዘመን እጅግ ሳይርቅ ይታወቅ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ታሪኩን በትውፊት ተቀብላ በሥርዓተ አምልኮዋ ታከብረዋለች፤ አማኙ የሚይዘውም ይህን ነው። አውሳብዮስ ያላነሣው ነገር ሁሉ አልተደረገም ማለት አይቻልም፤ የኋለኞቹ የጻፉት ሁሉ እንደ ዓይን ምስክር ቃል ይወሰድ ማለትም አይቻልም። ወላጆች ልጃቸው አድጋ ይህን ብትጠይቃቸው ሁለቱንም ሳይሸሽጉ ቢነግሯት፣ ጉዞዋና ያሠራቻቸው አብያተ ክርስቲያናት በዘመነኛ ምስክር የጸኑ መሆናቸውን፣ የቤተልሔሙ የልደት ቤተ ክርስቲያንም በ6ኛው መቶ ዘመን እንደገና ታንጾ እስከ ዛሬ በዚያው ስፍራ መቆሙን ማስረዳት ይችላሉ።